እንቁና «ያልተነኩት» መኪኖች

እንቁ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ጋራዥ መኪና ቀለም መቀባት የጀመረች ጊዜ በጀርባዋ ታዝላቸው የነበሩት ልጆች ዛሬ አግብተው ወልደዋል። በከተማው ከሚርመሰመሱት መኪኖች ስንቱ በእጇ እንዳለፈ ቢታወቅ ጉድ ያሰኛል። ግን ማን ሊያወራላት! ገጭቶ ያመጣው ሁሉ፣ አሳምራ ስትመልስለት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ «የፋብሪካ ቀለሙ ነው፣ ያልተነካ!» እያለ ይምላል። ተነካ ከተባለ ዋጋው ይወርዳላ። አንዱ ደንበኛዋ እንዲያውም እሷ ራሷ ጎድጓዳውን በስቱኮ የሞላችውን በር እየመታ፣ እፊቷ ቆሞ፣ ለገዢ በማርያም ሲምል ሰምታለች። ገዢው ዞር ሲል ደንበኛዋ በዓይኑ ጠቀሳት። እሷም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ከፋት። ሥራዋ ባማረ ቁጥር እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ይህ ደግሞ ቀስ እያለ ሰውን ይጎዳል።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ ኦቦ መርዳሳ ከመቂ በአይሱዙ ጭነው መጡ። እሳቸው የታወቁ የሽንኩርት ደላላ ናቸው፤ ያን ቀን የጫኑት ግን ሽንኩርት አልነበረም። የወረደችው ጣሪያ የሌላት አሮጌ መኪና ናት፤ ከሥር ቮልስ፣ ከላይ አካሏ በሙሉ ፋይበር ግላስ። በጎረምሳነታቸው ወንጂ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ገዝተው መቂን ጉድ ያሰኙባት ነበረች። አሁን ግን የግቢያቸው ዋርካ ቅርንጫፉን ጥሎባት፣ አፍንጫዋ ተሰንጥቆ፣ ከፊት ጎማዋ በላይ ያለው አካሏ ተሰባብሯል።

የጋራዡ ባቲላሜራ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጫምሳ፣ መዶሻውን እንደያዘ አንድ ጊዜ ዞራት።

«ብረት ብትሆን ቀጥቅጬ አቀናት ነበር። ይቺን ብመታት ትረግፋለች። ኦቦ፣ የዶሮ ቤት ያድርጓት» አለ።

ኦቦ መርዳሳ አልሳቁም። ወደ እንቁ ዞሩ።

«አካም ጅርታ እንቁ? እንግዲህ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ እንደሆነ አልሸጣትም፤ ምን ያስዋሸኛል? ካዳንሽልኝ፣ የማን እጅ እንዳዳናት ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ።»

እንቁ ፋይበር ነክታ አታውቅም። የመጨረሻዋ ቃል ግን ልቧ ውስጥ ገባች። አንዲት ሥራ፣ አንዲት ብቻ፣ በስሟ ብትጠራላት ምን ነበረበት!

«እሞክራለሁ» አለቻቸው።

ባቱ ወርዳ፣ ሐይቁ ዳር ጀልባ ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሰነበተች። ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ ሙጫ እያጠጡ መደራረብን፣ ሳይቸኩሉ እስኪደርቅ መጠበቅን ተማረች። ተመልሳ ሥራዋን ያዘች። የፋይበሩ ብናኝ ክንዷን ሲያሳክካት በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠብና ትቀጥላለች። ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያፈሰሰች ፈገፈገችው፤ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ዳበሰችው፤ ጎርበጥ ካላት እንደገና። የአዳማ ነፋስ እርጥብ ቀለም ካየ አቧራውን ሳያለብስ አያልፍምና፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ወለሉን በውሃ አርሳ፣ ደማቅ ቢጫ ቀባቻት።

እሑድ ዕለት ኦቦ መርዳሳ ዘመድ አዝማዱን አስከትለው፣ ሁሉም ክቱን ለብሶ፣ ከች አሉ። መኪናዋን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ እንደ ቃላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይቺን ያዳነች እንቁ ናት! ስብርብሯ ወጥቶ ነበር!» አሉ።

«የት ጋ ነው የተሰበረችው?» አለ አንዱ አጎታቸው።

ኦቦ መርዳሳ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ዳበሱ። ፈለጉ። ጫምሳ «እዚህ ጋ አልነበረም?» እያለ ሊያግዛቸው ገባ፤ እሱም አጣው። ዘመዶቻቸው መሳሳቅ ጀመሩ።

«መርዳሳ፣ አዲስ አካል አስመጥተህ ነው! ይቺ እንኳን ልትሰበር አልተነካችም!»

ያችው ቃል! እንቁ የሚመሰክርላት ሰው በስንት ጊዜ ብታገኝ፣ የሚያሳየው ማስረጃ አጣ። ዝም ብላ ልትተወው አሰበች፤ ስንቱን ትታው የለ? ዛሬ ግን እምቢ አላት።

«ከላይ አታገኙትም» አለች ወደ ጎማው እየጠቆመች። «ፋይበር የሚጠገነው ከውስጥ ነው። ውስጡን ደግሞ ማንም አይቀባውም። ማየት የፈለገ ከፊት ጎማው አጠገብ በሥሯ ራሱን ያስገባ።»

ኦቦ መርዳሳ አላመነቱም። ከነሱፋቸው ካርቶን ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የስልካቸውን መብራት አብርተው ገቡ።

«ያ ዋቅ!» አሉ ከሥር። «ኑ! ኑ እዩ! ጨርቁ ጨርቅ ላይ ተደራርቦ ተለጥፏል! የጣቶቿ ምልክት ሳይቀር ሙጫው ላይ ደርቆ ይታያል!»

አጎትየው ሳቁን አቁሞ ተንጋለለ። ሌላውም ቀጠለ። ጫምሳም ካርቶን ፍለጋ ሮጠ። እንቁ ከመኪናዋ ሥር ተደርድረው የወጡትን የተወለወሉ የእሑድ ጫማዎች ቆማ አየች። ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።