የረሻድ ቀኝ ትከሻ

ረሻድ ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ፣ ባሕር ማዶ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር የሚኖር፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። አባቱ በሞተ በሳምንቱ ጂም ተመዘገበ። ለምን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አላብራራም። ከሥራ ሲወጣ ብረት ያነሳል፣ ዶሮና ሩዝ ይበላል፣ ይተኛል። ዓመት ሳይሞላው ሸሚዞቹ በሙሉ ለሌላ ሰው የተገዙ መሰሉ።

ከሸሚዞቹ ቀጥሎ ቆዳው እምቢ አለ። ከብብቱ ወደ ትከሻው የሚወጡ ጠቆር ያሉ ወይን ጠጅ መስመሮች ብቅ አሉ፤ በግራ ጥቂት፣ በቀኝ ብዙ። አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ለሙፈሪያት ፎቶ ላከላት።

«ሸንተረር ነው» አለችው ደውላ። «ስንት ወርህ ነው?»

«አትቀልጂ። ወንድ ይይዘዋል እንዴ?»

«ይኸው ያዘህ።»

ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ጡንቻው ከቆዳው ቀድሞ ማደጉን፣ ጉዳት እንደሌለው፣ መስመሮቹ በጊዜ እንደሚደበዝዙ፣ ፈጽመው ግን እንደማይጠፉ ነገረችው። ክብደቱን ቀስ እያለ እንዲጨምርም መከረችው። የሚያጠፋ ቅባት የለም ወይ ብሎ ሲጠይቃት «የሚሸጥ አለ» አለችው። ረሻድ የሚሸጠውን ገዛ። ጠዋትና ማታ ተቀባው። መስመሮቹ ወዛቸው አማረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሸሚዙን ለብሶ ይኖር ነበር። ግን እዚያው አቅራቢያ ሆፕኪንስ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራውን መርዋን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች፤ የቀረው የአባቷ የጋሽ ሀዚም ፈቃድ ነው። ጋሽ ሀዚም «አስብበታለሁ» ካሉ ሰንብተዋል። ያሳሰባቸው የወንድማቸው ልጅ ሰዳም ነው።

«ይሄ ሰውነት የጡንቻ ማሳደጊያ መርፌ ነው» ብሏቸዋል። «መርፌ የሚወጋ ደግሞ አይወልድም። ሪሰርች አድርጌበታለሁ።»

በዚህ መሃል ሁሉም አንድ የዑምራ ቡድን ውስጥ ተገኙ፤ ጋሽ ሀዚም ከባለቤታቸው ጋር፣ ሰዳም ሊረዳቸው፣ ረሻድ ለራሱና ለአባቱ። ከጉዞው በፊት መስጊዱ ምድር ቤት ውስጥ ልምምድ አለ። የፍሪጅ ካርቶን ጥቁር ጨርቅ አልብሰው በካዕባ ምሳሌ መሃል ያቆሙታል፤ ወንዶቹ ሁለቱን ነጭ የኢህራም ጨርቆች ይለብሱና ይዞሩታል።

«ሸፍነህ እስከ መቼ?» አለችው መርዋ በዋዜማው በስልክ። «ይዩትና ይለይልን።»

«ካዩት እምቢ ይላሉ።»

ሲዞሩ የወንድ ቀኝ ትከሻ ይገለጣል፣ ግራው ይሸፈናል። ይህን ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ረሻድም ያውቃል። ግራውን ገለጠ።

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ልምምዱን የሚመራው ኡስታዝ አስቆማቸው። «ወንድም ረሻድ፣ ቀኝህን።»

«ለልምምድ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነው።»

«ልምምዱ እኮ ለዚሁ ነው» አለና የጨርቁን ጫፍ ሳብ አድርጎ ራሱ አስተካከለለት።

የምድር ቤቱ መብራት ጥሩ ነው።

«አላልኩዎትም?» አለ ሰዳም። «ይኸውና የመርፌው ምልክት!»

ጋሽ ሀዚም መነጽራቸውን አጥልቀው ቀረቡ። ፈርም እንደተባሉበት ውል ትከሻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሸንተረር ነው፣ አባባ። ጡንቻው ሲፈጥን ቆዳው አይደርስበትም።»

«መርፌ አለበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ?»

ይህን ሐኪሟ እንኳ አልጠየቀችውም ነበር።

«አባቴ ሞተ» አለ ረሻድ። «ቲኬት ሳላገኝ ቀበሩት። ቃሬዛውን የጎረቤት ልጆች ተሸከሙት። እኔ እዚህ የሰው ሻንጣ እጭናለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ ማንሳት ጀመርኩ።»

ሰዳም ካርቶኑን ይመለከት ጀመር።

«የመርዋ እናትም አላት» አሉት ጋሽ ሀዚም ወደ እሱ ዞረው። «አምስት ወልዳ ሆዷ ሙሉ ሸንተረር ነው። መርፌ ተወጋች ያላት ሰው የለም።»

ሴቶቹ ከሚለማመዱበት፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ድምፅ መጣ። «ሀዚም! የኔን ሆድ እዚያ ምን ወሰደው?»

«ለምስክርነት ነው!»

«ሌላ ምስክር ፈልግ!»

ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ፈነዳ። ኡስታዙ ጣሪያውን አየ።

ጋሽ ሀዚም የረሻድን ጨርቅ ከብብቱ ስር አጥብቀው አስገቡለት፤ ቀኝ ትከሻውን እንደተገለጠ ተዉት።

«ብረቱን አሁን ቀነስ አድርገው» አሉት። «የሰርግ ልብስህ ከተሰፋ በኋላ ብታብጥ ሁለተኛ አላሰፋልህም።»

«የማን ሰርግ?» አለ ሰዳም።

«አንተ ዝም ብለህ ዙር!»

ከኋላ ያሉት እየገፉ ነበር፤ ረሻድ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ጋሽ ሀዚም ክንዱን ይዘው ሊያንቀሳቅሱት ሞከሩ። አንድ እጅ አልበቃቸውም። በሁለት ያዙትና ካርቶኑን መዞር ጀመሩ።