የአባቴ ጆሮ

አባቴ ዋና የተማሩት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ እዚሁ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ በጽዳት በሚሠሩበት መዋኛ ገንዳ ነው። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ጊቫት ኦልጋ የተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ መጡና፣ "ጠልቄ ስወርድ ጆሮዬን ያመኛል። ወደ ላይ ባዞረው፣ ወደ ጎን ባዞረው ያው ነው። ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አባ፣ ውኃ የሚጫነው ከላይ ብቻ ነው። እንዲሁ መስሎዎት ነው" አልኳቸው። ከዚያም ወደ ጓደኞቼ ዞሬ በዕብራይስጥ አሾፍኩባቸው። ጓደኞቼ ሳቁ። አባቴ ዕብራይስጡ ገብቷቸው ነበር፤ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

በሳምንቱ የፊዚክስ መምህራችን ጫፉ ላይ ስስ ላስቲክ የተወጠረበት የግፊት መለኪያ ውኃ ውስጥ ከተተች። ወደ ታች ባወረደችው ቁጥር ግፊቱ ጨመረ። እዚያው ጥልቀት ላይ እያለ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ብታዞረው ግን አልተለወጠም። ፊቴ በሐፍረት ጋለ።

ቤት እንደገባሁ፣ "አባ፣ ልክ ነበሩ። ውኃ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይገፋል። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"እኔማ የተማርሽው አንቺ ነሽ ብዬ የገዛ ጆሮዬን መጠራጠር ጀምሬ ነበር" አሉኝ።

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።