ከአስዋን ስንመለስ የገባንበት ሠርግ

ባለፈው ዓርብ ልጃችን ሜሮን እኔንና እናቷን ጽጌን ከዘመድ ጥየቃ በመኪናዋ ስትመልሰን፣ ስልኳ በሴት ድምፅ "ወደ ቀኝ ታጠፊ፣ ወደ ግራ ታጠፊ" እያለ የካይሮን ቀለበት መንገድ ይመራት ነበር። ሜሮን እንደ ጨዋ ተማሪ ትታጠፋለች። ከኋላ ወንበር ጽጌን በክርኔ ነካ አደረግኳት። ምን እንዳስታወስኩ ገባትና አፏን በእጇ ሸፈነች።

በኛ ጊዜ ስልክ አይመራም ነበር። መንገድ የጠፋው ሰው፣ ሰው ይጠይቃል። የካይሮ ሰው ደግሞ "አላውቅም" ማለት ነውር ይመስለዋል። የጠየቅከውን ቦታ ሰምቶት ባያውቅም እጁን ዘርግቶ አንድ አቅጣጫ ያሳይሃል። ክፋት የለውም፤ እንግዳን ባዶውን ላለመሸኘት ነው።

ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ፒራሚዶቹ አጠገብ ፋይሰል የሚባል ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ጋራዥ እሠራለሁ፤ ጽጌ መዓዲ ሰው ቤት ትሠራለች። በበጋው ሙቀት አሠሪዎቿ ወደ ባሕር ሲሄዱ ዕረፍት ሰጧት፤ የጋራዡ ባለቤትም አሮጌ ፊያቱን አዋሰኝ። አገሩ ሁሉ ሙቀት ሸሽቶ ወደ ሰሜን ሲነጉድ እኛ ወደ አስዋን ወረድን። ሐሳቡ የኔ ነበር። "ዓባይን ወደ አገራችን ጠጋ ብለን እንየው" ብያት ነው። ጠጋ ብለን አየነው። ከዚያ በኋላ ጥላ ፍለጋ ስንዞር ሰነበትን።

ስንመለስ ቄና ላይ ጽጌ ትልቅ የሸክላ እንስራ ገዛች።

"ካይሮ እንስራ ጠፍቶ ነው?" አልኳት።

"እንዲህ ያለ የለም" አለችና የኋላ ወንበር ላይ በሻርፕዋ እንደ ሕፃን ጠቅልላ አሰረችው።

መንገዱ በሸንኮራ አገዳ መሐል ያልፋል። መስኮቱን ከፍተን፣ ከአቧራው ጋር የሚቃጠል ገለባ ሽታ እየገባ፣ ማላዊ የምትባል ከተማ ላይ ትኩስ ዳቦ በአገዳ ማር እያጠቀስን በላን። እስከዚያ ሰላም ነበርን። ከሚንያ አለፍ እንዳልን ግን አስፋልቱ ላይ የነበረውን ጉብታ ሳላየው ዘለልኩበት። ከኋላችን አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ዞር ስንል እንስራው ለሁለት ተከፍሏል።

"ማሌሽ" አልኩ። ከስብራቱ ይልቅ ያናደዳት ይቺ ቃል ሳትሆን አትቀርም። ግብፅ ውስጥ "አይዞህ፣ ምንም አይደል" ለማለት እግሩን ለረገጡትም፣ ቤቱ ለተቃጠለበትም የምትባል ቃል ናት።

"ቤት እንደደረስን ልብሴን ሰብስቤ ሐዳይቅ አል-መዓዲ ያለችው እኅቴ ጋ እሄዳለሁ" አለች። ከዚያ ዝም። ቤኒ ስዌፍ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁላት። ተቀበለች፣ በላች፣ ዝም። የምሯን መሆኑ ያን ጊዜ ነው ልቤ ውስጥ የገባው።

ቀለበት መንገዱ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ፒራሚዶቹ መጀመሪያ በቀኝ መስኮት ታዩን፤ ቆይተው በግራ፤ ቆይተው ከኋላ። ፒራሚድ አጠገብ የሚኖር ሰው ሰፈሩን ማጣት ይከብደዋል፤ እኔ ግን ቻልኩበት። ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሁሉም በተለያየ አቅጣጫ ላኩኝ። ጽጌ ወደ ውጭ እያየች ትንፍሽ አላለችም።

በመጨረሻ አርድ ኤል ሊዋ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ጠባብ መንገድ ስገባ፣ ከፊትም ከኋላም ጡሩምባ የሚነፉ መኪኖች ከበቡን። የሠርግ አጀብ ነው። መውጫ ስላልነበረ አብረን ተጓዝን። መብራት የተንዠረገገበት ድንኳን ጋ ስንደርስ ጀለቢያ የለበሱ ወፍራም ሽማግሌ የመኪናውን በር ከፈቱ፤ የሙሽራው አጎት ነበሩ።

"መንገድ ጠፍቶን ነው፤ ወደ ፋይሰል ነን" አልኳቸው።

"ፋይሰል የትም አይሄድም" አሉኝ። "መጀመሪያ ግቡ።"

ገባን። የሙሽራው ወገን የሙሽሪት እንግዶች መሰልናቸው፤ የሙሽሪት ወገን የሙሽራው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሩዝና ሥጋ የሞላ ሳህን ፊታችን ቀረበ። የሙሽሪት አክስት ጽጌን "ከተጋባችሁ ቆያችሁ?" አሏት።

ጽጌ አየችኝ። በኛ ሠርግ ቄሱና ምስክሮቹ ብቻ ነበሩ፤ ከበሮም ድግስም አላየንም። "አዲስ ሙሽሮች ነን" ብላ መለሰች።

ሴቶቹ ድንኳኑን በእልልታ ናጡት። ጎትተው አስነሱንና ከሙሽሮቹ ግራና ቀኝ አስቀመጡን። የኔ ፀጉር በአቧራ ሸብቷል፤ ጽጌ ጉንጭ ላይ የአገዳ ማር ደርቋል። ፎቶ አንሺው "ሳቁ" ሲለን እሷ አስቀድማ ስቃ ነበር። ጨፈርን። ለራሴ ሠርግ የጨፈርኩት ያን ቀን ነው።

አጎትየው በሞተር ሳይክላቸው እየመሩ ፋይሰል አደረሱን። ደረጃውን ስንወጣ ጽጌ ከኋላዬ፣

"የፋይሰልን መውጫ ስናልፈው አይቼው ነበር" አለች።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ብነግርህ ቤት እንደርሳለን። ከደረስን ደግሞ ልብሴን ይዤ መሄዴ ነው። ከዛትኩ በኋላ እንዴት ልመልሰው? አንተ ደግሞ ቅሪ የምትል ሰው አይደለህም።"

"ቅሪ" አልኳት እዚያው ደረጃው ላይ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ በሩን ክፈት፤ እግሬን አሞኛል" አለች።

ሜሮን ከመሪው ጀርባ ሆና "ምን ያስቃችኋል?" ብትለን የባሰ ሳቅን። የእነዚያን ሙሽሮች ስም እንኳ አላወቅንም። ግን አርድ ኤል ሊዋ ውስጥ ባለ አንድ ቤት፣ የሠርግ አልበም ሲገለጥ ሁለት አቧራ የለበሱ ሐበሾች ከሙሽሮቹ ጎን ተቀምጠው ይስቃሉ። መቼም ባልየው ዛሬም "ያንቺ ዘመዶች ናቸው" ሳይላት አይቀርም፤ እሷም "ያንተ"። እንግዲህ በኛ ምክንያት ሲከራከሩ ይኖራሉ ማለት ነው። እንዳይጣሉ ብቻ እመኛለሁ።