ከሚሴ ላይ በአንድ ቤት ምሳ

አርብ፣ ሌሊት 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ገና አልነጋም። የደሴው አባዱላ ሞተሩን አስነስቶ ይንቀጠቀጣል። ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ስድስት ሰው ጫነ። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ እናት አሉ፤ እትዬ አስካለ ይባላሉ፣ ደሴ አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ዘንቢላቸው እስከ ደብረ ብርሃን ጉልበቴን ሲወጋኝ ዝም አልኩ፤ በልቤ ግን ዝም አላልኩም።

አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ ሪህ ከያዘኝ ወዲህ ሥጋ አልበላም። የእምነትም የፍልስፍናም ነገር አይደለም፣ የእግሬ አውራ ጣት ጉዳይ ነው። ድሮ በዚህ መንገድ ከረቡዕና ከአርብ ውጭ ሥጋ የሌለው ምግብ ስጠይቅ አስተናጋጁ "ታመሃል እንዴ?" ይለኝ ነበር። ታምሜያለሁ፤ እሱን ግን ምን አገባው?

3 ሰዓት፣ ደብረ ሲና

ጣርማበርን በጉም ውስጥ ወረድነው። ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። እግሬን ለማፍታታት ስወርድ አንድ ቁርስ ቤት በሩ ላይ በጠመኔ "በየዓይነቱ ዘወትር አለ" ብሎ ጽፎ አየሁ። "ዘወትር" የምትለዋን ወደድኳት። ባለቤቱን ማን እንደሚበላው ጠየቅኩት። ሥጋ እንደሆነ የሚቀመስ አልሆነም አለኝ፤ ለአንድ ጥብስ በሚወጣው ብር ሁለት ሰው በየዓይነቱ በልቶ ሻይ ይጠጣበታል፣ ጾመኛውም ያልጾመውም የሚያዝዘው እሱኑ ነው።

5 ሰዓት፣ ሰንበቴ

ከሸዋ ሮቢት ወዲህ ሙቀቱ ሹራብ አስወልቆናል። የሰንበቴ የከብት ገበያ የሚቆመው እሁድ ስለሆነ ሜዳው ባዶ ነው፤ ሁለት ፍየሎች ብቻ ባለቤት እንደሌላቸው ሁሉ ይንጎራደዱበታል።

ሾፌራችን ሰይድ እዚህ ላይ ነው ዕቅዱን ያወራልን። ዕለቱ ጁምዓ ነውና ከሚሴ ላይ ሰግዶ እስኪመጣ ምሳ እንበላለን። ምሳ ደግሞ ለዚህ መንገድ ሾፌር ራስ ምታት ነው። ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም። ስለዚህ መኪናው በቆመበት ሁሉ ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከመንገዱ ወዲህ፣ ሌላው ከመንገዱ ወዲያ ይገባል፤ ያን ሁሉ ሰው መልሶ መሰብሰብ የረዳቱን ጉሮሮ ጨርሶታል። አሁን ግን ዘይነባ የምትባል የከሚሴ ሴት ምግብ ቤቷን ሥጋ አልባ አድርጋ ሁሉንም በአንድ ገበታ አበላለሁ ብላዋለች። ዛሬ ሙከራ ነው። ከተሳካላት እሱም ጓደኞቹም በየቀኑ እሷ ጋ ይቆማሉ፤ ካልተሳካላት ቤቱን አከራይታ ደሴ እህቷ ጋ ልትገባ ነው።

እትዬ አስካለ ይህን ሰምተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ድስቱስ?" አሉ።

6 ሰዓት፣ ከሚሴ

ባጃጅ፣ አቧራ፣ የአዛን ድምፅ። ሰይድ ደጃፉ ላይ አራግፎን ወደ መስጊድ ሄደ። የዘይነባ ሟች ባል ሥጋ ሻጭ ነበር። ሥጋው ይንጠለጠልበት በነበረው መስኮት አሁን ጎመንና ቃሪያ ተደርድሯል። እሷ አጠር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት፤ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች።

እትዬ አስካለ ቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ በሳቸው ቦታ አፈርኩ፤ ዘይነባ ግን ደስ ብሏት ሁሉን አሳየቻቸው፦ ሥጋ ነክቷቸው የማያውቁ አዳዲስ ድስቶች፣ ለብቻው የተቀመጠ ዘይት። ጭልፋውን ሳይቀር አሸተቱ። ወጥተው "ንጹሕ ነው" ብለው ሲቀመጡ፣ በር ላይ ሲያመነታ የነበረው ጾመኛ ሁሉ ተከትሏቸው ተቀመጠ።

ትሪዎቹ ቀረቡ፤ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሰላጣ። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ መታጠቢያው ከወጥ ቤቱ በር ሥር ነው። የዘይነባ አማት እማ ፋጡማ ምራታቸውን ከውርደት እንዳዳኗት ሲነግሯት ሰማሁ። እሷ እንጀራ ስታነጥፍ ምስሩን ቢቀምሱት ደረቅ ሆነባቸው፤ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አደረጉበት። "ለኬሱማ ደረቅ ወጥ ይሰጣል?" አሉ፣ ለእንግዳ ማለታቸው ነው።

ዘይነባ ወደ ምስሩ ድስት ጎንበስ አለች። ቀና ስትል እኔን አየችኝ፤ እኔ ሳሙናውን አየሁ። በዚያ ሁሉ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አንድ ማንኪያ ቅቤ ማን ያውቃል? እኔ ብሆን ጭጭ ነበር የምለው፤ እንጀራዬ ነዋ።

ተከትያት ገባሁ። እትዬ አስካለ ገና ጸሎት ላይ ነበሩ።

"ጾመኞች፣ ምስሩን አትንኩት" አለች ዘይነባ። "ቅቤ ገብቶበታል። አማቴ ለእንግዳ ክብር ብለው ነው እንጂ ለክፋት አይደለም፣ ወላሂ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

መስኮት ሥር የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ጉንጩ በምስር እንደተወጠረ ይዋጠው ይትፋው ጨንቆት ዓይኑን ያንከራትታል። "ባለማወቅ ነው፣ ዋጠው" አሉት እትዬ አስካለ፣ ራሳቸው ቄስ የሆኑ ይመስል።

ከጾመኞቹ ገሚሱ እያጉረመረመ ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ። ዘይነባ አልለመነችም፤ ትሪዎቹን አነሳች። ሰይድ ሰግዶ ሲመለስ ተሳፋሪው እንደልማዱ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ተበትኗል። የሆነውን ራሷ ነገረችው። የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። ዘይነባ አንጀቴን በላችው።

እትዬ አስካለ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። "ጎመኑንና ድንቹን በሌላ ትሪ አምጪልኝ፣ ልጄ" አሏት። "የምፈራው ብትደብቂኝ ነበር።" እኔም ከሳቸው ጋር በላሁ። ጎመኑ ጨው በዝቶበታል፤ ያም ቢሆን ይጻፍ።

ሰኞ፣ ባቲ

ገበያው ከአፋር በወጡ ግመሎችና ከደጋ በመጣ እህል ተጣቧል። እዚህም በየዓይነቱ ደርሷል። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ የግመል ነጋዴ ትሪው ሲቀርብለት የእንጀራውን ጠርዝ ገልጦ ከሥር አየ። ሥጋውን እየፈለገ ነበር። አጥቶ ትንሽ አሰበና ጠርጎ በላው።

ረቡዕ፣ ከሚሴ

ለመልሱ ኮምቦልቻ ላይ የሰይድን መኪና አገኘሁ። ጎማ ሲቀየር አርፍደን ነበርና ሁሉም ርቦታል። ከሚሴ ስንገባ ማንንም ሳያማክር ከዘይነባ ደጃፍ ጥግ ያዘ። ከኋላ አንድ ሰው ዛሬ ጾም መሆኑንና ቤቱም የሙስሊም መሆኑን አስታወሰው፤ በምን እናምናለን አለ።

ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። "እዚህ ቤት ስህተት ካለ ይነገራችኋል" አለ።

ተሳፋሪው ተያይቶ ወረደ፤ አንድም ሰው መንገዱን አልተሻገረም። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ቆጠረችን፣ ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እማ ፋጡማ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ ነገር ፍለጋ ስለ ቅቤው ጠየቅኳቸው።

"ጎረቤት አስቀምጠነዋል" አሉኝ። "ሲናፍቀኝ ሄጄ አየዋለሁ።"