ንባቡን ብቻ ይዘን ዘመትን

የዘመቻው ትዕዛዝ የደረሰን ጠዋት፣ ትምህርት ላይ ሳለን ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለ የጦር ሰፈር፣ በቆርቆሮ አዳራሽ ተቀምጠን ሶማሊኛ እንማር ነበር። መምህራችን ሃምሳ አለቃ ዓብዲ የጅግጅጋ ልጅ ነው። ያን ዕለት ሰሌዳውን አጥፍቶ «እስካሁን የተማራችሁት መናገር ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ መስማት እንማራለን» አለን። ንግግሩን ሳይጨርስ የሻለቃው አዛዥ ገቡና በዚያው ሳምንት ወደ ሶማሊያ፣ ለሰላም ማስከበር እንደምንነሳ ነገሩን።

ዓብዲ ሰላምታ እንደሰጠ ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች የሚችሉት መጠየቅ ነው። መልሱን መስማት ገና አላስተማርኳቸውም። አንድ ወር ይስጡኝ» አለ።

አዛዡ ፈገግ አሉ። «ትናንት በመስኮት ስሰማቸው አንተ መስለኸኝ ነበር። ይህን ያህል ከቻሉ የቀረውን እዚያው ይለምዱታል።»

ያ ሰኞ ለእኛ አልመጣም።

ይህን የምጽፈው ከእኛ በኋላ እዚያ አዳራሽ ለሚቀመጡ ነው። ጀግንነት የሚፈልግ ሰው ሌላ ዘንድ ቢሄድ ይሻለዋል። እኔ አሥር አለቃ ነበርሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። በረሃ ለሚዘምት ጦር ሐይቅ ዳር ማሠልጠኛ መስጠት የማን ሐሳብ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ብቻ ዓሣ በልተን፣ ነፋሻ አየር ስበን፣ ደልቶን ተማርን።

ቋንቋው መጀመሪያ አልገባ ብሎን ነበር። ዓብዲ አንዱን ቃል ደጋግሞ ይለዋል፤ እኛ ሁላችን በየራሳችን መንገድ አበላሽተን እንመልስለታለን። ያዳነን ጓዳችን ይበልጣል ነው። ይበልጣል የደቅ ደሴት ሰው፣ የመርጌታ ጥሩነህ ልጅ ነው። ሠራዊቱን ከመቀላቀሉ በፊት በአባቱ እግር ሥር ዜማ የተማረ ዲያቆን ነበር። ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ስንወጣ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር ሰብስቦ ያስቀምጠናል። በዱላ መሬቱን እየመታ አንዱን ዐረፍተ ነገር ያዜመዋል፤ እኛ እንቀበለዋለን። እሱ ይመራል፣ እኛ እንቀበላለን። በታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አስጋሪዎች «እናንተ ወታደሮች፣ ማኅሌት ጀመራችሁ ወይ?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

«ፍቺውስ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ፍቺውን ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ ቃሉን ባፍህ ያዘው» አለኝ። «እኔ ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። አባየ ግን ያውቁ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ፈቱልኝ።»

የቤተ ክህነት ትምህርት እንዲህ ነው። ንባብ ይቀድማል፣ ዜማ ይከተላል፣ ትርጓሜ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ተማሪው ያልገባውን ቃል ዓመታት ተሸክሞ ይኖራል፤ አያፍርበትም፤ የሚፈታለት መምህር አጠገቡ አለና። የእኛ መምህር ግን ቀጣዩን ሠልጣኝ ሊያስተምር ባሕር ዳር እንደሚቀር ያኔ ማናችንም አላሰብነውም።

እንዲህ እያልን አፋችን ተፈታ። ዓብዲ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማንና «እናቴ ደጅ የተቀመጥኩ ይመስለኛል» ይላል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ በራሱ ፍጥነት አንድ ነገር ይጠይቀናል። እርስ በርስ እንተያያለን። ያን ጊዜ ሳቁ ከፊቱ ይጠፋ ነበር።

በተነሳንበት ጠዋት መርጌታ ጥሩነህ ከደቅ በጀልባ መጥተው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«ትርጓሜውን ጨረሳችሁ?» አሉት ልጃቸውን።

«አልጀመርነም፣ አባየ። ንባቡን ግን እንደ ውኃ ጠጥተነዋል።»

«ያለ ፍቺ ሰው አገር ልትገቡ?» አሉ መርጌታ። የልጃቸውን ግንባር ሳሙት፤ መኪናው ተነሳ።

የሰፈርንበት ኮረብታ አንዲት የእሾህ ዛፍ ብቻ ነበረችው። አፈሩ ቀይ፣ ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ የሚፋጅ ነው። አስተርጓሚ ለሻለቃው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከጠቅላይ ሠፈሩ አይርቅም። ስለዚህ የእኛ የመቶ ጦር ሰው ሲያገኝ የሚናገረው ይበልጣል ነበር። መጀመሪያ ላይ አፉ ጠቀመን። ጉድጓድ ላይ ያገኘናቸው ሴቶች ሰላምታውን ሲሰሙ ተገርመው አፋቸውን ይይዛሉ። ሽማግሌዎች ሻይ ያቀርቡልናል። ከዚያ ማውራት ይጀምራሉ። ይበልጣል ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና ዓብዲ ለመሰናበቻ ያስተማረንን ይላል፤ «ሰምተናል፣ እናመሰግናለን።»

ይህ ነገር እያደር ከነከነው። አንድ ቀን ምሽግ ስንቆፍር አካፋውን አስቀመጠና «ታደለ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የምሰማቸው መስሏቸው ነው የሚነግሩኝ» አለኝ። «ፈራሁ።» እኔም ፈርቼ ነበር፤ አልነገርሁትም እንጂ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ታች ላለው ምሽግ ውኃ እንድናደርስ ታዘዝን። የእነሱ ቦቴ ተበላሽቶ ከትናንት ጀምሮ ኮዳቸው ባዶ ነበር። በርሜሎቹን ኦራል ላይ ጫንን። መኪናው ከኋላ፣ እኛ ከፊት በእግር እየፈተሽን ወረድን። መንገዱ አንድ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል።

ወንዙ ሳንደርስ ፍየል የሚጠብቅ ሽማግሌ አገኘን። ዱላውን ከትከሻው ኋላ አጋድሞ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበታል። ይበልጣል ሰላምታውን ሰጠው፤ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎም በቋንቋው ጠየቀው። ሽማግሌው መጀመሪያ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ፍየሎቹ መልሶ፣ እጁን ከዱላው ሳያነሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ሲጨርስ ወደ ይበልጣል ዞሮ አንዲት አጭር ነገር ጠየቀው።

«ሰምተናል፣ እናመሰግናለን» አለ ይበልጣል። ካህኑ ሲጨርስ አሜን እንደሚባለው ነው ከአፉ የወጣችው።

ሽማግሌው እፎይ ያለ መሰለ። ፍየሎቹን በላይኛው በኩል እየነዳ ሄደ። ትንሽ ራቅ ካለ በኋላ ዞሮ አየን።

የመቶው አዛዥ መቶ አለቃ ግርማ፣ «ምን አለህ?» አለ።

«አላወቅሁትም፣ ጌታዬ። ቃሉን ግን ይዤዋለሁ።»

ግርማ ነገሩ ቅር ብሎት ሬዲዮ አስከፈተ። አስተርጓሚው ከሻለቃው አዛዥ ጋር ወጥቷል፤ ሲመለስ እንጠራችኋለን አሉ ከጠቅላይ ሠፈሩ። ቀጥሎ የታችኛው ምሽግ ድምፅ ገባ። «ውኃው የት ደረሰ? ሰው እየወደቀብን ነው።» ግርማ መንገዱን አየ፣ እኛን አየ። «እንሂድ» አለ። እኔም ብሆን ያንኑ አዝዝ ነበር።

ስንሄድ ይበልጣል አጠገቤ መጣ። «ተቀበለኝ» አለኝ። «ከእኔ ቢጠፋ ካንተ ይገኛል።» የሽማግሌውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመራል፣ እኔ እቀበላለሁ። እዚያ ዋርካ ሥር እንደለመድነው፤ ዱላ የለም እንጂ። ሳልሳሳት ስመልስለት «በቃ፣ ያዝኸው» አለ። ከፊት ግርማ ጠራው። ሰው ብናገኝ የሚያናግር እሱ ነበርና ወደ ፊት ሄደ።

ወንዙ መሐል፣ ከፊት ከሄዱት እግር ሥር ፈንጂ ፈነዳ። ከማዶው ዳርቻ መትረየስ ተከፈተብን። ተኛን። ተኮስን። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። የኦራሉ በርሜሎች ተበሳስተው ውኃው በአሸዋው ላይ ፈሰሰ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ተኩሱ ቆመ። የተኮሱብንን ሰዎች አላየናቸውም። እኔ ግራ እግሬን ተመትቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልታወቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ተናገረ። «አስተርጓሚው መጥቷል። ጥያቄያችሁ ምን ነበር?»

የሬዲዮ ሠራተኛው አየኝ። መነጋገሪያውን ተቀብዬ የሽማግሌውን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልሁት። አንድ አልጎደለብኝም። «ድገምልኝ» አለ አስተርጓሚው። ደገምሁለት።

«እንዲህ ነው የሚለው» አለ። «‹ልጄ፣ ቋንቋችንን የሚሰማ ወታደር ዛሬ ገና አየሁ። የሚያዩኝ ሰዎች ስላሉ እጄን አነሥቼ አላሳይህም። ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ውስጥ ፈንጂ ቀብረዋል። በላይ በኩል ፍየሎቼ በረገጡት ተከተሉኝ።› ከዚያ ‹ሰማኸኝ?› ብሎ ጠይቋል። ምን አላችሁት?»

ዞሬ ወደ ወንዙ አየሁ።

«ምን አላችሁት?» አለ እንደገና።

«ሰምተናል፣ እናመሰግናለን አልነው።»

ከዚያ ወዲህ ያልታሰበኝ ቀን የለም። እየተንተባተብን ብንጠይቀው ኖሮ ሽማግሌው እንደማንሰማ ያውቅ ነበር። አንድ ጣት ያነሣልን ነበር፤ ወይም ዱላውን ያጋድምብን ነበር። አፋችን ማማሩ ነው የገደለን። ይህን ስል ይበልጣልን መውቀሴ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ትምህርት ሁሉ ፍቺው የሚደርስበት ነበር። ፍቺው ሳይደርስለት የቀረው ይህኛው ብቻ ነው።

እኔ አሁን ከሠራዊት ተሰናብቻለሁ፤ እያነከስሁም ቢሆን እሄዳለሁ። አዳራሹ እዚያው ሐይቁ ዳር አለ። በዚያ ሳልፍ አዲስ ሠልጣኞች ሶማሊኛውን በአንድ ድምፅ ሲሉ እሰማለሁ፤ አባባላቸው ያምራል። ዓብዲን አንድ ቀን በር ላይ አገኘሁትና ለመስማቱ ጊዜ ሰጡህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እለምናለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እግሬ ሲጠግግ ደቅ ተሻገርሁ። መርጌታ ጥሩነህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የሽማግሌውን ቃል ፍቺ ብቻ አቆየሁት።

«ከሱ ጋር የሞቱትን ስማቸውን ንገረኝ» አሉ።

ቆጠርሁላቸው። ይበልጣል። መቶ አለቃ ግርማ። ሀብታሙ። ቶላ። የኦራሉ ሾፌር ሰይድ። አምስት ሰው።

ስማቸውን አንድ በአንድ ደገሙት፤ የሰይድንም አልዘለሉትም። ከዚያ «ያን ሽማግሌው ያሉትን ይዘኸዋል?» አሉኝ።

«ይዤዋለሁ፣ መርጌታ።»

«ምራኝ።»

መራኋቸው። በሰማንያ ዓመት አፋቸው ተቀበሉኝ። እንደገና አሉኝ፤ እንደገና መራኋቸው። በሦስተኛው አንዲት ድምፅ ሳትጎድል ብቻቸውን አሉት፤ የይበልጣልን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና ማልቀስ ጀመርሁ። እንባዬን ጠርጌ «ፍቺው እንዲህ ነው» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ተወው» አሉ። «ልጄ የደረሰው እስከዚህ ነው። እኔም እዚሁ ልቁም።»

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መውጫ እየሄድሁ እጠይቃቸዋለሁ። ቃሉን አልረሱትም። ፍቺውን ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።