ሐሙስ ያቃጠልኩት ወረቀት

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ልጄ፣ የልጄ የክፍል ኃላፊ፣ አብሯት የሚሠራ መነጽር የሚያደርግ ወጣት፣ ከቀበሌያችን የመጣ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ፣ እና ወንፊት ልትመልስ ገብታ ጥሎ መውጣት ያሳፈራት ጎረቤቴ። ልጄ ቆማ ነበር። ሌሎቻችን ተቀምጠናል። ማን ማን እንደነበረ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከመካከላችን ሁለቱ በኋላ ሲጠየቁ በዚያ ቀን እዚያ አልነበርንም ስላሉ ነው።

ቤታችን ከላፍቶ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኔ ነፋስ ስልክ ባለ ልብስ መስፊያ ክር ቆራጭ ነበርኩ። ልጄ ግን ኮምፒውተር ባለበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ሥራዋ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ ስላቃተኝ አንድ ቀን የቅመም ጣሳዎቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አስረዳችኝ። ማሽኑን የሚያዝ ዋና ፕሮግራም አለ። የእሷ ድርሻ ከዚያ ውስጥ ፋይሎችን የሚያስቀምጠውና ፈልጎ የሚያመጣው ክፍል ነው። ማሽኑ የነገሩን ስም አንድ ዝርዝር ላይ ይጽፋል፣ ከስሙ አጠገብ ስንተኛው ጣሳ እንደሆነ ያመለክታል፣ ነገሩን ግን ጣሳው ውስጥ ነው የሚያኖረው። አጥፋ ሲባል የሚሰርዘው ስሙን ብቻ ነው። ነገሩ ሌላ እስኪገለበጥበት ድረስ ጣሳው ውስጥ ይቆያል።

ያንን የፕሮግራም ክፍል ብዙ ሰው ጽፎበታል። የሚበዛውን የጻፈው ኃላፊዋ ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ እንደተመለሰ። ከእሱ በኋላ የመጡት ያለውን ሳያነሱ በላዩ እየጨመሩ ሄዱ፣ የማያስፈልገው ከሚያስፈልገው በዛ። ልጄ እንድታጸዳው ታዘዘች። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ሰፊ ወረቀት ላይ አትማ ቤት ታመጣውና ከእራት በፊት በቀይ እስክሪብቶ ትሠራበታለች። አንድ ገጽ ሙሉ ስትሰርዝ ትስቅ ነበር። «እማዬ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ» ትለኛለች።

አንድ ምሽት ሳቋን አቆመች። ኃላፊው በጻፈው ቦታ ላይ፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ቦታ ከጠየቀ ማሽኑ አንዱን ጣሳ ለሁለቱም እንደሚሰጥ አገኘች። በማግስቱ፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ወረቀቱን ይዛ አሳየችው። ለአብዮት በዓል ማሽኑ ለእንግዶች የሚታይበት ሳምንት ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ ከእጇ ወስዶ በኅዳጉ ላይ በራሱ እጅ ጻፈበት፣ ፈረመበትም። ልጄ ወረቀቱን ቤት አምጥታ ሰጠችኝ።

«ደብቂልኝ። ማንም እንዳያየው» አለችኝ።

ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

የበኩር ልጄ በቀይ ሽብር ዘመን የተወሰደው ፍራሹ ስር በተገኘ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አልተመለሰም። ገጹ ላይ ምን እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ከእሱ በኋላ ማታ ማታ እየሄድኩ እስከ አራተኛ ክፍል ተማርኩ። የተማርኩት ቤቴ የሚገባውን ወረቀት ለማወቅ ነው። ስኳር የተጠቀለለበትን ሳይቀር አንብቤ ነበር የማቃጥለው። ወረቀት እንዴት እንደሚቃጠልም የሰፈራችን እናቶች ሁሉ ያውቁ ነበር። ጭሱ እንዳይበዛ አንድ በአንድ ይቃጠላል፣ አመዱ በውኃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ጎመን ስር ይደፋል።

ማክሰኞ ዕለት ማሽኑ ተበላሸ። ልጄ እንደፈራችው ሆኖ፣ ማሽኑ የስም ዝርዝሩ የተቀመጠበትን ጣሳ ለሌላ ሥራ ሰጠው። የብዙ ፋብሪካዎች የሠራተኛ መዝገብ የት እንዳለ የሚናገር ጠፋ። እኔ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ልጄ ሁለት ቀን ቤት አለመምጣቷንና ባለመነጽሩ ልጅ በደጅ ሲያልፍ ሥራ በዝቶባት ነው ብሎኝ መሄዱን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ መጣች። ነገ በሰፈሩ አሰሳ አለ ይባላል፣ ቤትሽን ተመልከቺ አለችኝ። እሷ እንደወጣች ወረቀቱን ከጤፍ ጆንያው ስር አወጣሁት። የፈረንጅ ፊደል፣ ቁጥር፣ ኮከብ ምልክት፣ በላዩ ቀይ ጭረት ነው። ሰው የሚነጋገርበት አይመስልም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ይህ ለጊዜው አይነካ» ይላል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ማንም እንዳያየው የተባለ ወረቀት፣ ለጊዜው አይነካ የሚል ምስጢር፣ የማላውቀው ሰው ፊርማ። አንዱን ልጄን በአንድ ገጽ ሰጥቻለሁ። ይህ መቶ ገጽ ያልፍ ነበር።

እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ያን ገጽ መጨረሻ ላይ ነው ያቃጠልኩት። አመዱን ጎመኑ ስር ደፋሁ። አሰሳው አልመጣም።

ቅዳሜ እነሱ መጡ። ኃላፊው መዝገቡ የጠፋው ልጄ አጸዳሁ ብላ በነካካችው ነው፣ ይህ አሻጥር ነው ብሎ ከሷታል። እሷም የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ቤቴ አለ ብላ መልሳለታለች። አሻጥር በዚያ ዘመን ሰው የሚበላ ቃል ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ለማየት ነው የመጡት። ልጄ ከማክሰኞ ጀምሮ በወጉ ሳትተኛ ፊቷ ገርጥቷል፣ ግን አልፈራችም።

«እማዬ፣ ያን ወረቀት አምጪው» አለችኝ።

ጠመንጃውን አይቼ እዚህ ቤት ወረቀት የሚባል የለም አልኩ።

ልጄ ፈገግ አለች። «አይዞሽ፣ አሁን ይታይ። የሚጠቅመኝ መታየቱ ነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሐሙስ ዕለት እንዳቃጠልኩት፣ አመዱንም ጎመን ስር እንደደፋሁት ተናገርኩ። ልጄ እጇን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረች።

ኃላፊው እስከዚያ ድረስ በወንበሩ ጫፍ ነበር የተቀመጠው። አሁን ወደ ኋላ ተደገፈና ውኃ ለመነኝ። ቀድቼ ሰጠሁት። ሁሉንም ጠጥቶ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«እናቴ፣ ደግ አደረጉ» አለኝ። «የመንግሥት ወረቀት ቤት አይቀመጥም።»

አንብቤዋለሁ አልኩ። የተጻፈውን ቃል በቃል ነገርኳቸው፣ ፊርማውም የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም አልኩት።

«ስንተኛ ክፍል ነዎት?»

«አራተኛ።»

አብዮት ጥበቃው ሳቀ። «ጓድ፣ ምስክሯ ጎመን ስር ነው ያለው። ጎመኑን ቀቅለን እንጠይቀው?»

ልጄ ወደ ባለመነጽሩ ዞረች። ወረቀቱን ሲፈርምበት አንተ አጠገባችን ነበርክ አለችው። ልጁ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። ጠርጎም መልሶ አላደረገውም። አላየሁም አለ። ጎረቤቴ ወንፊቷን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አሰሳ አለ ብለሽኝ አልነበር አልኳት። መቼ ነው ያልኩሽ አለች።

ልጄ ከዚያ በኋላ ስለ ራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ኃላፊውን የለመነችው ሌላ ነገር ነው።

«ሰኞ ማሽኑን አትክፈቱት። የጠፋው ስሙ ነው፣ መዝገቡ አለ። ካልጻፋችሁበት በሦስት ቀን አወጣዋለሁ።»

«ሰኞ ሥራ አለን» አላት።

ይዘዋት ሊወጡ ሲሉ ሹራብ ላለብሳት ብነሳ አብዮት ጥበቃው በእጁ ከለከለኝ። «ተይ እማማ፣ እዚያ ተደራርበው ነው የሚተኙት፣ አይበርዳትም።» ሰኞ ማሽኑን ከፍተው ሠሩበት፣ መዝገቡም በዚያው ቀረ። ያም በእሷ ላይ ተጻፈ።

ዘጠኝ ወር ወደ እስር ቤት ምግብ አመላለስኩ። ፊት ለፊት ያገናኙን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ገጽ በርግጥ አንብበሽው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። የቀረውን ጊዜ አጥሩን ስታይ ቆየች።

ስትፈታ ወደ ማሽኑ አልመለሷትም። አሰብ ወደብ ወዳለ መጋዘን አዛወሯት፣ የዕቃ ካርድ በእጅ እንድትሞላ። ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዓሣው፣ ካርዶቹ እንዴት እንደተዘበራረቁና እሷ እንዴት እንዳስተካከለቻቸው። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «አንብበሽ አቃጥዪው» ትላለች። እየቀለደችብኝ ይሁን እየቀጣችኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔ ግን አቃጠልኳቸው። በዚህ ምክንያት አድራሻዋ ያለበት አንድ ፖስታ፣ እጅ ጽሑፏ ያለበት አንድ ገጽ የለኝም።

መንግሥት ሲወድቅ ከአሰብ በመኪናም በእግርም ብዙ ሰው መጣ። በየመጠለያው ዞርኩ። ከዚያም ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ካርዶቹን አገላብጦ ስሟ እዚህ የለም አለኝ። ስሟ ባይኖርም እሷ ልትኖር ትችላለች፣ ስምና ነገሩ የሚቀመጡት የተለያየ ቦታ ነው አልኩት። ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ቀጭን ናት። ግራ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ በላይ፣ በልጅነቷ ድስት ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ስትጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ትመርጣለች። በአሰብ ወደብ መጋዘን የሠራችሁ፣ ወይም ከአሰብ ስትወጡ በመንገድ አብራችሁ የነበረች እንደዚህ ያለች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት ትኑርም አትኑርም፣ ንገሩኝ። ቤቴን አልለወጥኩም፣ ከላፍቶ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ነኝ።