እትዬ ሥነ ሥርዓትና የሐሙሱ ጉባኤ

የሥነ ዜጋ መምህሯን ተማሪዎቹ «እትዬ ሥነ ሥርዓት» ይሏታል፤ ሲንጫጩባት ጠረጴዛ እየመታች የምትለው ይህንኑ ነውና። ሃያ ዓመት ቆማ ስታስተምር እግሯ አብጧል፣ ድምፅዋ ሻክሯል፤ ዘንድሮስ ነገር ዓለሙ ሰልችቷታል። የቀራት ደስታ ቢኖር የሐሙስ ከሰዓት የአገሮች ጉባኤ ነው። ተማሪዎቹ በዕጣ የደረሳቸውን አገር ወክለው ስለ ውሃ፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ ድንበር ይከራከራሉ። ሕጓ አንዲት ናት፦ የተቃዋሚህን ሐሳብ፣ እሱ ራሱ «አዎ፣ ብያለሁ» እስኪል ድረስ ደግመህ ሳትናገር መልስ መስጠት የለም። በዚህች ሕግ ስንቱ አፈ ጮሌ አደብ ገዛ፤ ስንቱ ዓይን አፋር አፉን ፈታ!

ርእሰ መምህሩ ግን ጉባኤው የሚካሄድበትን አዳራሽ ለፈተና ማጠናከሪያ ፈለጉት። ነገሩ ለወላጆች ስብሰባ ቀረበ። መምህሯ ልትናገር ብድግ አለችና ድካሙ ቢያሸንፋት፣ «ተማሪዬ ትናገር» ብላ ተቀመጠች።

የተነሳችው ዓምና ስሟ ሲጠራ እንኳ ታለቅስ የነበረች ልጅ ናት። እንደ ለመደችው ከርእሰ መምህሩ ሐሳብ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ያሉት እንዲህ ነው። ፈተና ለወደቀ ልጅ ክርክር ቤት አያቆምለትም። ወላጅ ደፋ ቀና ብሎ የሚያስተምረው ልጁ እንዲያልፍለት ነው። ልክ ነኝ?»

«እንዴታ! ከእኔም አሳምረሽ ተናገርሽው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

ወላጆች አጨበጨቡ። ልጅቷ ቀጥላ፣ «እስቲ እኔን እዩኝ፤ ዓምና መናገር እችል ነበር?» ብትል ማን ሰምቷት! ልባቸው ቀድሞ ሄዷል። እጅ ይውጣ ሲባል የገዛ እናቷ እንኳ ከርእሰ መምህሩ ጋር እጃቸውን አወጡ። ጉባኤው አዳራሹን ተነጠቀ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ጉድ የሠራኋችሁ?» አለች ልጅቷ።

«እንዳስተማርኩሽ ነው ያደረግሽው፣ ልጄ።»

መምህሯ በሆዷ ግን «የእጄን አገኘሁ» አለች። ያቺን ሕግ ያወጣችበትን ቀን ረገመች።

ይሄኔ ከኋላ ቆመው ስብሰባውን ሲከታተሉ የነበሩት ተማሪዎቿ ማንም ሳያዛቸው ተሰለፉ። በጉባኤያቸው የተረታ ረቺውን ሳይጨብጥ አይወጣም። ተራ በተራ እየቀረቡ ርእሰ መምህሩን «እንኳን ደስ አለዎት» አሏቸው፤ ሰውዬው መግቢያ ጠፋቸው። ልጅቷም እንባዋን ጠርጋ ጨበጠቻቸው።

መምህሯ ያንን እጅ ከምትጨብጥ ፍም ብትጨብጥ ትመርጥ ነበር። ግን ልጆቹ ዞረው አዩዋት። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታ፣ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።